ጉርሻ ደመወዝ አይደለም

ርእሰ አንቀጽ

የሠራ ሰው የላቡን ዋጋ ከአሠሪው ይቀበላል እንጂ ከመንገደኛ ችሮታ አይጠብቅም። ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው አይገኝም። ሆኖም በየምግብ ቤቱ ጓዳና አዳራሽ የሚሠራውን ሰው ኑሮ ስንመረምር፣ በአሜሪካም ሆነ በአገራችን፣ ሁሉም የሚስማማበት ይህ ሐሳብ ከአፍ አልፎ በሥራ ላይ ሲውል አናይም። በዚህ እትም ስለ ምግብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝና በሂሳብ ወረቀት ላይ ስለሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ለመጻፍ የተነሣነው፣ ጉዳዩ ለተማሪው እንቅስቃሴ እጅግ የቀረበ ሆኖ ሳለ ለብዙ ጊዜ በዝምታ ስለ ታለፈ ነው።

በውጭ አገር ከሚማረው ኢትዮጵያዊ መካከል ሳህን ያላጠበ፣ ጠረጴዛ ያልወለወለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ ያላስተናገደ ቢኖር ጥቂት ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሥራ ክቡር ነው። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ስለ ጭሰኛው ዕዳና ስለ ባላባቱ ድርሻ በቃሉ የሚዘረዝር ተማሪ፣ ማታ በሚሠራበት ጓዳ የራሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም። የሩቁን ግፍ እየቆጠርን የቅርቡን ከረሳን፣ ቁጥራችን ከልብ መሆኑን ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አቁመን እንመልከተው። ዴ ሞይን በዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ በፒውጀት ሳውንድ ባሕር ዳር የተቀመጠ ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው ሃይላይን ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ ከተማ ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ስደተኛና ተማሪ የሚገናኝበት ትምህርት ቤት ነው። ከዴ ሞይን አጠገብ የሲታክ ከተማ አለ፤ የሲያትልና የታኮማ አውሮፕላን ማረፊያም በዚያ ነው። በእነዚህ ከተሞች ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ታክሲ የሚነዳው፣ ሻንጣ የሚያወርደው፣ በሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፈው፣ በምግብ ቤቱ ትሪ ተሸክሞ የሚመላለሰው ብዙው ከእነርሱ ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሲታክ ነዋሪዎች በቀጥታ ድምፅ አንድ ሕግ አጸደቁ። ሕጉ በአውሮፕላን ማረፊያውና በትልልቅ ሆቴሎች ዙሪያ በመስተንግዶና በማመላለሻ ሥራ ለተሰማሩ ሠራተኞች በሰዓት 15 ዶላር የደመወዝ ወለል አቆመ። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ወለል ገና ከ10 ዶላር በታች ነበር። ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ ሕጉ ያሸነፈው በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። በየቤቱ እየዞሩ ደጅ ካንኳኩት መካከል የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ነበሩበት። 77 ሰው ማለት በአንድ እድር ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። «የእኛ ድምፅ ምን ይለውጣል» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አያሻውም። አሠሪዎች ክስ ስላቀረቡ ሕጉ በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለሚሠሩት ሳይደርስ ቆየ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2015 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለሠራተኞቹ ፈረደ።

ይኸው የሲታክ ሕግ ስለ ደመወዝ ወለል ብቻ አልተናገረም። ከእንግዳ የሚሰበሰበው ጉርሻና የአገልግሎት ክፍያ የሠራተኞቹ እንዲሆን፣ አለቆች እንዳይካፈሉበት ደነገገ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ይኸውም ደመወዝን በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ ጉርሻውን በሌላው እጅ መውሰድ ለአሠሪ ቀላል መሆኑ ነው።

ሕግ ግን በከተማ ወሰን ላይ ይቆማል። በ2025 የሲታክ ሕግ የሚሸፍነው ሠራተኛ ወለል በሰዓት 20 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር፤ የሲያትል ከተማ ወለል 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ደርሶ ነበር። የራሱ ወለል ያልነበረው ዴ ሞይን የስቴቱን ይከተል ስለ ነበር፣ እዚያ የሚሠራው ሰው ወለል 16 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው በአውሮፕላን ማረፊያው ምግብ ቤት 403 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሲያገኝ፣ በዴ ሞይን የሚሠራው 333 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያገኝ ነበር። ልዩነቱ በሳምንት 70 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር። ድንቹ አንድ፣ ሳህኑ አንድ፣ የእግሩም ድካም አንድ ነው፤ ልዩ የሆነው መንገዱን የተሻገረው ሕግ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ወደ አገልግሎት ክፍያው እንምጣ። በአሜሪካ አንዳንድ ምግብ ቤቶች በሂሳቡ ላይ ከመቶ 18 ወይም 20 እየጨመሩ «ሰርቪስ ቻርጅ» ብለው ይጽፋሉ። የበላው ሰው ይህን ሲያይ ለአስተናጋጁ የተከፈለ ይመስለዋል፤ ስለሆነም ሌላ ጉርሻ ሳይተው ይሄዳል። ገንዘቡ ግን ለማን ደረሰ? የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሕግ፣ ይህን ክፍያ በግዴታ የሚጨምር ምግብ ቤት ከመቶው ስንቱ ላስተናገደው ሠራተኛ እንደሚከፈል በምግቡ ዝርዝርና በደረሰኙ ላይ እንዲገልጽ አዘዘ። በኅዳር 2016 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ጉርሻ ሁሉ የሠራተኛው መሆኑን፣ የአገልግሎት ክፍያም ለሠራተኛው እንደማይከፈል በግልጽ ተለይቶ ካልተጻፈ በስተቀር የሠራተኛው መሆኑን፣ ሁለቱም ከደመወዙ ወለል በላይ እንጂ በወለሉ ውስጥ እንደማይቆጠሩ ደነገገ።

ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ቀዳዳው ግን ወዲያው ይታያል። ባለቤቱ በዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ይህ ክፍያ በሙሉ የቤቱ ነው» ብሎ ከጻፈ ሕጉን አከበረ ይባላል። በ100 ዶላር ራት ላይ 20 ዶላር ይጨመራል፤ እንግዳው ግዴታዬን ፈጸምሁ ብሎ ይወጣል፤ አስተናጋጁ ከ20ው ምንም አያገኝም፤ ይመጣ የነበረው ጉርሻም ቀረ። እንግዲህ ሠራተኛው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አጣ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሁሉ የሚሆነው በእርሱ ስም መሆኑ ነው፤ «አገልግሎት» የተባለው የእርሱ እግርና የእርሱ ፈገግታ ነውና።

አንዳንዱ ጉርሻ የአሜሪካን አገር ባህል ስለሆነ ሊነካ አይችልም ይላል። ይህ ታሪክን አለማወቅ ነው። ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ1909 ጉርሻ መስጠትንና መቀበልን በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው በ1913 ተሻረ። በዚያ ዘመን ብዙ አሜሪካውያን ጉርሻን የጌታና የሎሌ ልማድ ነው እያሉ ይጸየፉት ነበር። ልማዱን ካጸኑት አንዱ ፑልማን የተባለው የመኝታ ባቡር ኩባንያ ነው፤ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን በትንሽ ደመወዝ እየቀጠረ የቀረውን ከተሳፋሪው እጅ እንዲለቅሙ አደረገ። እነዚያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው፣ 12 ዓመት ታግለው በ1937 ኩባንያውን ውል አስፈረሙት።

የፌዴራሉ ሕግ ግን ያንን አሮጌ መንፈስ አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1966 የምግብ ቤት ሠራተኛ በደመወዝ ወለል ሕግ ውስጥ ሲገባ፣ አሠሪው ከወለሉ ከፊሉን ከጉርሻ እንዲቆጥር ተፈቀደለት። ከዚህም የተነሣ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ የሚከፍለው የፌዴራል ወለል ከ1991 ጀምሮ እስከ 2025 ሳይነቃነቅ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆኖ ቆይቷል። ዋሽንግተንን፣ ካሊፎርኒያንና ኦሪጎንን ጨምሮ ጥቂት ስቴቶች ይህን አልተቀበሉም። በሲያትል እንኳ ትንንሽ አሠሪዎች እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ጉርሻን ወይም የሕክምና መድንን በመቁጠር ከወለሉ በታች እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በ2024 ወለሉ 19 ዶላር ከ97 ሳንቲም ሳለ እነርሱ 17 ዶላር ከ25 ይከፍሉ ነበር። ፈቃዱ ለዘለቄታ እንዲጸና የቀረበው ሐሳብ ተቃውሞ ስለ ገጠመው ተነሣ፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ወለሉ ለሁሉም አንድ ሆነ።

በቋንቋችን ጉርሻ ማለት ምን እንደሆነ የሚነገረው ኢትዮጵያዊ የለም። በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ለሚወደው በእጁ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። የፍቅር ምልክት ነው፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም እኩል ተቀምጠዋል። የጎረሰ ሰው መልሶ ያጎርሳል። አሁን ግን በዚህ መልካም ስም የምንጠራው ነገር አንዱ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የሚሆን ነገር ነው። የቆመው የቤት ኪራዩን ከተቀመጠው ፊት ላይ ያነብባል። ፍቅርን ለደመወዝ መክፈያ ማድረግ ፍቅሩንም ደመወዙንም ማዋረድ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ወገናችን ቤት ሳንናገር ብናልፍ አድላዊ እንሆናለን። በሲያትልና በዙሪያው፣ በዋሽንግተን ዲሲም፣ በሌላም ከተማ ኢትዮጵያውያን ብዙ ምግብ ቤት ከፍተዋል። ለእንግዳው ስደተኛ የመጀመሪያው በር የሚከፈትለት እዚያ ነው፤ ይህን ውለታ አንክድም። ነገር ግን በአንዳንዱ ቤት «የአገር ልጅ» የሚለው ቃል የደመወዝ ምትክ ሆኗል። ሰዓት አይጻፍም፤ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ቅዳሜና እሑድ ሲበዛ «እስቲ እርዳን» ይባላል፤ በወሩ መጨረሻ ከጉርሻው የተረፈው ይበቃሃል ይባላል። እንጀራ የምትጋግረዋ እናት ከእንግዳው ዐይን ርቃ በጓዳ ስለምትውል ጉርሻው እንኳ አይደርሳትም። ዝምድና ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም ዘመድ የዘመዱን ሰዓት ቆጥሮ ይከፍላል እንጂ በዝምድና ስም አያስቀረውም።

የባለቤቱንም ችግር አናቃልልም። ኪራይ ከፍ ብሏል፤ ሥጋውም፣ ጤፉም፣ ዘይቱም ተወዷል፤ የትንሽ ምግብ ቤት ትርፍ ቀጭን ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ወጥ እየሠራ የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ዋጋው ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ የጨመረ ቤት ዋጋ ጨምሯል። ጥያቄው የተጨመረው በማን ስም ተጨምሮ ለማን ደረሰ የሚል ነው። የ20 ዶላሩ ምግብ እውነተኛ ዋጋው 24 ከሆነ፣ በዝርዝሩ ላይ 24 ተብሎ ይጻፍ። እንግዳው ያውቀዋል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል፤ ማንም በማንም ስም አይለምንም።

ሌላው ክርክር የአገልግሎት ክፍያ አስተናጋጁንና የወጥ ቤቱን ሠራተኛ እኩል ለማድረግ ይጠቅማል የሚል ነው። ይህ እውነት ያለበት ሐሳብ ነው። በጉርሻ ልማድ አዳራሹ ሲጠግብ ጓዳው ይራባል፤ ፈገግታ ሲከፈለው የሽንኩርት ጭስ አይከፈለውም። ስለሆነም ክፍያው ለሠራተኞቹ ሁሉ በታወቀ ቀመር እንዲከፋፈል እንደግፋለን። የምንቃወመው ግን «ለወጥ ቤቱ ነው» ተብሎ ተሰብስቦ ወጥ ቤቱ ሳያየው የሚቀረውን ነው። ለወጥ ቤቱ ከሆነ፣ የወጥ ቤቱ ሰው መዝገቡን ይይ።

በዴ ሞይንም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለው ተማሪ ዝም የሚልበት ምክንያት አለው። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው በትምህርት ወራት በኮሌጁ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንጂ እንደ ልቡ በውጭ እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። የክፍል ክፍያው ሲያስጨንቀው ከሕግ ውጭ ይሠራል፤ የሚያሠራውም ይህን ስለሚያውቅ ደመወዙን ይቆርጥበታል። እኛ ማንንም ቪዛውን አደጋ ላይ ጣል ብለን አንመክርም። ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ በዋሽንግተን ስቴት የደመወዝ ሕግ የሚጠብቀው የሠራን ሰው ሁሉ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቱን አይጠይቅም። ያልተከፈለውን ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ለስቴቱ የሠራተኛና የኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ አቤት በማለቱ እርሱን መበቀልም የተከለከለ ነው። ስለዚህ የሠራኸውን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፍ። የተጻፈ ነገር አፍ አለው።

አሁን ዐይናችንን ወደ አገራችን እናዙር። በአዲስ አበባ በትልልቅ ሆቴል የተመገበ ሰው ሂሳቡን ሲያነብ፣ ከመቶ 10 የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩም ላይ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ ያገኛል። የ1,000 ብር ምግብ በመጀመሪያ 1,100፣ በኋላም 1,265 ብር ይሆናል። ታክሱ ወዴት እንደሚሄድ ሕጉ በዝርዝር ይናገራል፤ ያልተከፈለም እንደ ሆነ መርማሪ ይመጣል። የአገልግሎት ክፍያው ግን እንዴት እንደሚከፋፈል የሚመረኮዘው በኅብረት ስምምነቱ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር በሌለበት ቤት በአሠሪው ፈቃድ ነው። መንግሥት የራሱን 165 ብር እየቆጠረ፣ የሠራተኛውን 100 ብር ሳይቆጥር ይተዋል ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን በሕጉ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም ይላል። የቀደሙት አዋጆችም እንዲሁ ይሉ ነበር። በአንድ በኩል ይህ ድንጋጌ መልካም ይመስላል፤ አሠሪው የእንግዳውን ገንዘብ ደመወዝ ከፈልሁ ብሎ እንዳይቆጥር ይከለክላል። የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ግን ይኸው ድንጋጌ ይገለበጣል። አሠሪው ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ይቀጥራል፤ «ሰርቪሱ ያካክስሃል» ይላል፤ መብት የሚሰላበት ቀን ሲመጣ የሚቆጠረው ያው ዝቅተኛው ብቻ ይሆናል።

በቁጥር እናስረዳ። አንዲት አስተናጋጅ በወር 2,000 ብር ደመወዝና 3,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ ታገኛለች እንበል። ኑሮዋን ያቆመችው በ5,000 ብር ላይ ነው። ለጡረታዋ ግን የእርሷ ከመቶ 7፣ የአሠሪዋ ከመቶ 11 የሚታሰበው በ2,000 ብሩ ላይ ስለሆነ፣ በወር 900 ብር ሊቀመጥላት ሲገባ 360 ብር ብቻ ይቀመጣል። ስትወልድ ሕጉ 120 ቀን ከነደመወዝ ያሳርፋታል፤ የሚከፈላት ግን የ2,000ው ሂሳብ ነው፤ እንግዳ ስላላስተናገደች 3,000ው ይቀራል። ከሥራ ስትሰናበትም ካሳዋ የሚለካው በዚያው ነው። በወጣትነቷ በ5,000 ብር ሰው፣ በወሊዷ፣ በሕመሟና በእርጅናዋ የ2,000 ብር ሰው ትሆናለች።

ይኸው አዋጅ የደመወዝ ወለልን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚጸና ወለል አልተቆረጠም ነበር። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የአራት ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በመታ ጊዜ፣ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የደመወዝ ወለል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት ተፈራረቀ፤ ጥያቄው ግን በተወለደበት ቦታ ተቀምጦ አረጀ።

የተማሪው እንቅስቃሴ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ በተነሣ ጊዜ የጠየቀው አንድ ግልጽ ነገር ነው፤ ያረሰ ለምን አይበላም? በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በሾላ ስለ ታጎሩት ድኾች ተሰልፎ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱን ጥያቄዎች ዛሬ ወደ ምግብ ቤቱ ብናስገባቸው ቦታቸውን አይስቱም። ያበሰለና ያቀረበ ሰው ለምን የእንግዳ ፊት እያየ ይደር?

ስለሆነም አቋማችን ይህ ነው። አንደኛ፣ በአገር ቤት የደመወዝ ቦርዱ ወለሉን ይቁረጥ፤ ወለሉም ያለ አገልግሎት ክፍያ የሚቆም ይሁን። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ክፍያ በደመወዝ ስም ለአሠሪው እንዳይቆጠርለት የሚከለክለው ድንጋጌ ይጽና፤ ለጡረታ፣ ለወሊድና ለካሳ ሂሳብ ግን ለሠራተኛው ይቆጠርለት። ሦስተኛ፣ በእንግዳው ሂሳብ ላይ «አገልግሎት» ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ በሙሉ ለሠራተኞች ይከፋፈል፤ መዝገቡም ለእነርሱ ክፍት ይሁን። አራተኛ፣ በውጭ አገር ያሉት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሕግ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ ሰዓት ይመዝግቡ፣ ደረሰኝ ይስጡ፣ ቢያንስ ወለሉን ይክፈሉ፤ ይህን የሚያደርጉትን ማኅበሮቻችን ለሰርግና ለስብሰባ ድግስ ያስቀድሟቸው። አምስተኛ፣ በየከተማው ያሉ የተማሪ ማኅበራት በስብሰባቸው መርሐ ግብር ላይ የአባሎቻቸውን ሥራና ደመወዝ ያስገቡ፤ የሚሠሩበትን አገር የሠራተኛ ሕግ በአማርኛ ጽፈው ያሠራጩ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ውስጥ አንዳንዱን ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ነገ ማታ ምግብ ቤት ገብተህ ሂሳብ ሲመጣልህ፣ የአገልግሎት ክፍያው ለማን እንደሚደርስ ጠይቅ። አስተናጋጁን ሳይሆን ባለቤቱን ጠይቅ፤ አስተናጋጁ እውነቱን ቢናገር ሥራው ላይ ሊደርስበት ይችላልና። አንድ ሰው ሲጠይቅ ጨዋታ ይመስላል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ባለቤቱ መልስ ያዘጋጃል፤ 77 ሰው ሲጠይቅ ግን በሲታክ እንዳየነው ሕግ ይሆናል።